ክርክሩን ያየ ሁሉ ድምፅ ይሰጣል ወይ?

መምህሩ፣ ከየካ አባዶ፦

የ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ በእኛ ብሎክ መብራት የበራባቸው ሦስት ቤቶች ነበሩ። በአንደኛው ሽንኩርት ይቁላላል፤ ዕለቱ ረቡዕ ስለነበረ የጾም ወጥ ነው። ከሁለተኛው እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ። ሦስተኛው የእኔ ቤት ነበር። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ካማላ ሃሪስና ዶናልድ ትራምፕ በፊላዴልፊያ ሲከራከሩ በቀጥታ እያየሁ ነበር። ባለቤቴ ነቅታ «በማትመርጥበት ምርጫ እንቅልፍህን የምታጣው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ያን ሌሊት በቅጡ አልመለስኩላትም። ዛሬ እዚህ ልመልስ፤ እናንተም ሞግቱኝ።

እኔ የቴሌቪዥን ክርክር የተኛውን መራጭ ይቀሰቅሳል ባይ ነኝ። ማስረጃዬ 1997 ዓ.ም. ነው። የገዢው ፓርቲ ባለ ሥልጣናትና ተቃዋሚዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ መሬት ይዞታና ስለ ፌዴራል ሥርዓቱ ሲሟገቱ አገር ቁጭ ብሎ አየ። ፖለቲካ ሲነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርግ የነበረ ሰው በቡና ቤትና በታክሲ ውስጥ አፉን ሞልቶ መናገር ጀመረ። ግንቦት 7 ቀን ሰልፉ ከሰፈር ሰፈር ተያያዘ። ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው ድምፁን ሰጠ። ሚኒስትር የሚጠየቅ ሰው መሆኑን በዓይኑ ያየ ሕዝብ ነው ያን ሰልፍ የተሰለፈው።

የስታቲስቲክስ ተማሪዋ፣ ከጣፎ፦

መምህር፣ በ1997 ሕፃን ነበርኩ፤ ያዩትን አልክድዎትም። ነገር ግን ክርክሩና ሰልፉ በአንድ ዓመት ስለተገኙ አንዱ ሌላውን ወለደው ማለት አንችልም። የቴሌቪዥን ክርክር የተጀመረበትን አገር፣ አሜሪካን፣ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1960 ኬኔዲና ኒክሰን ሲከራከሩ 70 ሚሊዮን ያህል ሰው አየ፤ ዕድሜው ለመምረጥ ከደረሰው ሕዝብም ከመቶ 63 ያህሉ መረጠ። ከዚያ በኋላ በሦስት ተከታታይ ምርጫዎች ክርክር አልነበረም። በ1976 ፎርድና ካርተር ክርክሩን ሲመልሱት የመራጩ ቁጥር ይነሣል ብለው ይጠብቃሉ አይደል? ወደ 54 ገደማ ወረደ። ክርክር ካልነበረበት ከ1972 እንኳ ያነሰ ነው።

መምህሩ፣ ከየካ አባዶ፦

እኅቴ፣ የ1976ቱን ስታነሺ የቀረውንም አንሺው። የመምረጫ ዕድሜ ወደ 18 የወረደው በ1971 ነው፤ ወጣቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከምርጫ ጣቢያ ይርቃል። የቬትናም ጦርነትና ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረደው የዋተርጌት ቅሌት የሕዝቡን ልብ ሰብረው ነበር። ክርክሩ ራሱስ ምን ይመስል ነበር? በመጀመሪያው ምሽት ድምፁ ተበላሽቶ ለ27 ደቂቃ ተቋረጠ። ሁለቱ ዕጩዎች ከየመቆሚያቸው ሳይነቃነቁ፣ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ፣ በሚሊዮኖች ፊት ቆመው ቆዩ። እኛ መብራት ሲጠፋብን እንኳ ከጎረቤት ጋር እናወራለን! ያ ማንን ያነቃቃል?

እኔ ደግሞ የቅርቡን ላንሣ። ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ በእኛ ሰዓት የታየው የባይደንና የትራምፕ ክርክር አንድን ፕሬዚዳንት ከውድድር አስወጣ። አንድ ወር ሳይሞላ ባይደን ራሱን አገለለ፤ ሃሪስ በተተካች በመጀመሪያው 24 ሰዓት ብቻ ለዘመቻዋ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጣ። ይህ የመራጭ መነቃቃት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ ከአያት፦

እኔ ክርክር የምሰማው ብዙውን ጊዜ በራዲዮ ነው፤ መንገድ ላይ ሌላ ምን አለኝ። ስለ ኬኔዲና ኒክሰንም በራዲዮ የሰማው ኒክሰን አሸነፈ፣ በቴሌቪዥን ያየው ኬኔዲ አሸነፈ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ኒክሰን ከሆስፒታል ከወጣ ብዙም አልቆየም፤ ፊቱ ገርጥቶ ነበር። እንግዲህ ሰው የሚነቃቃው በነገሩ ሳይሆን በመልኩ ከሆነ፣ መነቃቃቱ ምን ዋጋ አለው?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ሞያሌ አድሬ ነበር። በሆቴሉ ቴሌቪዥን የኬንያ ፕሬዚዳንታዊ ክርክር ይታያል። ዊልያም ሩቶ ብቻውን ቆሟል፤ ራይላ ኦዲንጋ አልመጣም። አብሮኝ የተቀመጠው ኬንያዊ ሹፌር እስከ መጨረሻው አላየም። «የሚከራከረው ከሌለ ምን አያለሁ?» ብሎ ተነሣ። በዚያ ምርጫ ወጣቱ እንደተጠበቀው አልወጣም፤ እኔ ከዚያ ከባዶው መቆሚያ ጋር አያይዘዋለሁ።

የስታቲስቲክስ ተማሪዋ፣ ከጣፎ፦

ጋሼ፣ የራዲዮውና የቴሌቪዥኑ ወሬ የተመሠረተው በአንዲት ትንሽ ጥናት ላይ ነው፤ በራዲዮ የሰሙትም አብዛኞቹ ቀድሞውኑ የኒክሰን ወገን ሊሆኑ ይችላሉ። ያን ያህል ክብደት አይሸከምም።

ስለ ኬንያ ያሉት ግን አሳሰበኝ፤ ቁጥሩን አስቀምጬ አየሁት። እ.ኤ.አ. በ2013 ኬንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንታዊ ክርክር አካሄደች፤ ስምንቱም ዕጩዎች ቆሙ፤ ከተመዘገበው መራጭ ከመቶ 86 ያህሉ ድምፅ ሰጠ። በ2017 ኡሁሩ ኬንያታ ቀርቶ ራይላ ብቻውን ቆመ፤ ሆኖም 78 ያህሉ ወጣ። በ2022 ራይላ ቀርቶ ሩቶ ብቻውን ቆመ፤ 65 ያህሉ ብቻ ወጣ። ባዶው መቆሚያ ሁለት ጊዜ ታየ፤ የሕዝቡ ምላሽ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ስለዚህ ሰውየውን ከወንበሩ ያስነሣው ባዶው መቆሚያ ይሆናል፤ ከምርጫ ጣቢያ የቀረውን ሁሉ ያስቀረው ግን እሱ ነው ለማለት ይከብደኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦባማ በዴንቨር የመጀመሪያው ክርክር ደክሞ ታየ፤ በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎችም ተፎካካሪው ሮምኒ በድንገት ተጠጋው። ሁሉም ሰው መራጩ ሐሳቡን ቀየረ አለ። በኋላ አጥኚዎች ጠለቅ ብለው ሲያዩት ሐሳቡን የቀየረው ሰው ጥቂት ነበር። የኦባማ ደጋፊዎች አዝነው ለመጠይቅ መልስ መስጠት ቀነሱ፤ የሮምኒ ደጋፊዎች ደግሞ ደስ ብሏቸው በደስታ መለሱ። እዚህ ሰፈር ኳስ የምናይበትን ቤት አስቡት። ክለቡ የተሸነፈበት ልጅ ክለብ አይቀይርም፤ ሰኞ ጠዋት ግን ማሊያውን ለብሶ አይወጣም። ክርክር የሚያደርገው ይህን ነው፤ ወገን ያለውን ሰው ድምፅ ያስጮኸዋል ወይም ያሳንሰዋል። ወገን የሌለውንና የተኛውን ሲቀሰቅስ ግን አላየሁም።

ነርሷ፣ ከቦሌ አራብሳ፦

ሁላችሁም ስለ መነቃቃት ታወራላችሁ። እኔ በ2013 ዓ.ም. ተነቃቅቼ ነበር። የፓርቲዎቹን ክርክር ከሥራ ስመለስ አንድ በአንድ ተከታትያለሁ፤ የማን የጤና ፖሊሲ ምን እንደሚል ለባልደረቦቼ የማስረዳው እኔ ነበርኩ። ሰኔ 14 ቀን ግን አልመረጥኩም። ከመሀል ከተማ ወደዚህ ኮንዶሚኒየም ከመጣን ጥቂት ወራት ነበሩ፤ ለመመዝገብ ደግሞ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር ያስፈልግ ነበር። በቀድሞው ሰፈሬ ነዋሪ አይደለሁም፣ በአዲሱም ገና አልሆንኩም። በዚያን ዕለት ተረኛ ስለነበርኩ መስኮት ላይ ቆሜ የሚሰለፉትን አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ።

በዚህ ዳርቻ እንደ እኔ ያለ ስንት ሰው አለ? ከመሀል ከተማ የተነሣ፣ ቤት የደረሰው፣ ተከራይቶ በየስድስት ወሩ የሚዞር። ይህን ሰው ክርክሩ አላነቃቃውም ልትሉት ነው?

የስታቲስቲክስ ተማሪዋ፣ ከጣፎ፦

ሲስተር፣ ያልሽው ከእኔ ቁጥር ይበልጣል፤ ቁጥሩም ይደግፍሻል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ትራምፕና ባይደን ያደረጉት የመጀመሪያ ክርክር እርስ በርስ መቋረጥና ጩኸት ብቻ ነበር፤ ብዙ ተመልካች አፍሮበታል። ሆኖም በዚያ ዓመት የመምረጥ መብት ካለው ሕዝብ 66 ከመቶ ያህሉ መረጠ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያልታየ ቁጥር ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ በወረርሽኙ ሰበብ በፖስታና ቀደም ብሎ መምረጥ መስፋፋቱ ነው። በ2024 መምህር ያደነቁት መነቃቃት ሁሉ ኖሮ፣ የፊላዴልፊያውን ክርክርም አብዛኛው ተመልካች ለሃሪስ ሰጥቷት፣ ቁጥሩ ወደ 64 ገደማ ዝቅ አለ። ትራምፕም ፉክክሩ ጠንካራ የነበረባቸውን ሰባቱንም ግዛቶች አሸነፈ።

ጡረተኛዋ እናት፣ ከጣፎ፦

ልጆቼ፣ እኔ በ1997 በሕዝብ ታዛቢነት ተመርጬ ከንጋት እስከ ማግስቱ ምርጫ ጣቢያ ነበርኩ። ስለ መቶኛ አላውቅም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። በግቢያችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነበር። በክርክሩ ምሽት ሰው በርጩማውን ይዞ ይመጣል። ክርክሩ ካለቀ በኋላ ማንም አይነሣም፤ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ከጎረቤት ይከራከራል። ሰዉን ያነቃቃው ይህ ነው። በምርጫው ቀን ያ ሁሉ የግቢ ሰው ተጠራርቶ ነው የመጣው፤ ዓይነ ስውሩን ጎረቤታችንን እጁን ይዘው አመጡት። ዛሬ እያንዳንዱ በየፎቁ ላይ በሩን ዘግቶ በስልኩ ያያል።

ሌላም አለ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በውጤቱ ሰበብ የሰው ልጅ ሕይወት ጠፋ። ከመካከላቸው እጁን ይዤ ያሰለፍኩት የጎረቤቴ ልጅ አለ። ሰውን ማነቃቃት አደራ ነው። የተነሣው ሰው ድምፁ ተቆጥሮ እንደሚመለስለት ካላመነ፣ ሌላ ጊዜ ስንት ክርክር ቢያይ አይነሣም። ብታስነሡት እንኳ በምን ዓይኑ ያያችኋል?

መምህሩ፣ ከየካ አባዶ፦

እማማ፣ ይህን ሳነብ ተነሥቼ በረንዳ ላይ ቆየሁ። ነፍስ ይማር።

የመጀመሪያውን ቃሌን አሻሽላለሁ። በእኛው የ2002 ዓ.ም. ምርጫ በይፋ የተነገረው የመራጭ ቁጥር ከመቶ 93 ነበር፤ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹም ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያዙ። ክርክሩን ግን በጉጉት ያወራ ሰው ትዝ አይለኝም። ስለዚህ በ1997 ያየሁትን በሰልፉ ርዝመት መለካቴ ስሕተት ነበር። እማማ ያሉት የበርጩማው ነገር ነው የተሻለው መለኪያ።

ደግሞ አንርሳ፤ እኛ ፕሬዚዳንት በቀጥታ አንመርጥም። በሕገ መንግሥታችን ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው። እኛ ድምፃችንን የምንሰጠው ለምርጫ ክልላችን ዕጩ ነው፤ እሱን ደግሞ በቴሌቪዥን ጨርሶ አናየውም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሴራሊዮን የፓርላማ ዕጩዎች ክርክር ተቀርጾ በየመንደሩ እየዞረ ታየ። ያየው ሕዝብ ስለ ዕጩዎቹ ይበልጥ አወቀ፤ ድምፁም በደንብ ወደ ተከራከረው አዘነበለ። ተከራክረው ያሸነፉትም ለአካባቢያቸው ልማት ከሌሎቹ የበለጠ አወጡ። በእኛ ዳርቻ ሰፈሮች ይህ ቢደረግስ? ዕጩው መጥቶ ስለ ውኃ ፈረቃው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ትራንስፖርቱ ጎረቤቶች በተሰበሰቡበት ይጠየቅ።

የስታቲስቲክስ ተማሪዋ፣ ከጣፎ፦

ይህን እደግፋለሁ፤ ሐሳቤን ስለለወጥኩ ግን አይደለም። የሴራሊዮኑ ነገር የሚያሳየው ዕውቀት መጨመሩን ነው። ጉጉት ጨመረ ብለው እንዳይጽፉብኝ፣ መምህር።

የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ ከአያት፦

ዕጩው ቢቀርስ? ባዶ መቆሚያ ለማየት ሰው አትጥሩ። ሁሉም እንደሚመጡ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ጄኔሬተር ካስፈለገ እኔ አመጣለሁ።

ነርሷ፣ ከቦሌ አራብሳ፦

ክርክሩ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ይሁን፤ ከተዘጋ በኋላ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይጠቅምም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ ማን ተመዝግቧል ማን ቀርቷል ብለን በየብሎኩ እንጠይቅ። እኔ የአራብሳን አራት ብሎኮች እይዛለሁ። እሑድ ከሰዓት ቢሆን ይመቸኛል፤ ተረኛ አይደለሁም።