አክሪሊክ የቦዲ ሲላንት፦ ዕቃ ክፍል ውስጥ እንዴት ይቀመጥ? የሚሠራበት ሰውስ ከምን ይጠንቀቅ?

ዕቃ_ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የባትላሜራና ቀለም ጋራዥ የዕቃ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ለስፖርቴሎ (ለመኪና በር) ጠርዝ፣ ለወለልና ለኮፈን (ለሞተር ክዳን) መገጣጠሚያ የምናወጣው አክሪሊክ ሲላንት (የላሜራ መገጣጠሚያ መድፈኛ) በሁለት መልክ ይመጣል፤ ባለ 310 ሚሊ ሊትር ቱቦና በብሩሽ የሚቀባ ባለ 1 ኪሎ ጣሳ። ሁለቱም ላይ «አክሪሊክ» ተብሎ ተጽፏል። አሁን የተቀመጡት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከቲነርና ከስቱኮ (ከላሜራ መሙያው) ጋር ነው። ከግድግዳው ማዶ ብየዳ አለ።

ያስቸገሩኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። ያልተከፈቱ ቱቦዎች ከወዲያኛው ጫፍ ደርቀው ይገኛሉ። ሁለት ጣሳዎች ደግሞ ክዳናቸው አብጧል። ቀለም ክፍል ያሉት «አክሪሊክ ውሃ ነው፣ እሳት አይፈራም» ይላሉ፤ ባትላሜራዎቹ «ሽታው ራስ ያዞራል፣ ምን ውሃ አለው» ይላሉ። እጃቸውን የሚታጠቡት ሁሉም በቲነር ነው። ትክክለኛው አያያዝ የቱ ነው? እህታችሁ ነኝ፣ በደንብ አስረዱኝ።

ላሜራ_ቀጥ፦

እህቴ፣ ሁለቱም ወገን ልክ ሊሆን ይችላል። አክሪሊክ የሬዚኑ ስም ነው፤ ደርቆ ላሜራው ላይ የሚቀረውን ይነግርሻል እንጂ እስኪደርቅ ድረስ የያዘውን ፈሳሽ አይነግርሽም። ሬዚኑ በውሃ ውስጥ ተበትኖ ይመጣል፤ በሟሚ (ሬዚኑን በሚያሟሟ፣ እንደ ቲነር ባለ ተቀጣጣይ ፈሳሽ)፣ ማለትም በዛይሊን፣ በቶሉይን ወይም በኤቲል አሲቴት ሟሙቶም ይመጣል። የመጀመሪያው ጠላቱ ብርድ፣ ሙቀትና ባክቴሪያ ነው። የሁለተኛው ጠላት ብልጭታ ነው። ስለዚህ መደርደሪያ ከመቀየርሽ በፊት የያዝሽው የትኛው እንደሆነ ለይ።

መለያው ቀላል ነው። ማሸጊያው ላይ ቀይ ጠርዝ ባለው ነጭ የአልማዝ ቅርጽ (በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን) ውስጥ የነበልባል ሥዕል ካለ ሟሚ አለው። ከአቅራቢው የደህንነት መረጃ ሰነዱን (ኤስዲኤስ የሚሉትን) ጠይቂ። ሰነዱ 16 ክፍሎች አሉት፤ አንቺ መጀመሪያ የምትከፍቺው 9ኛውንና 14ኛውን ነው። 9ኛው ላይ ፍላሽ ፖይንት ይገኛል፤ ትነቱ በብልጭታ መቀጣጠል የሚጀምርበት ዝቅተኛው ሙቀት ማለት ነው። 14ኛው ላይ «ዩኤን 1133» የሚል የአደገኛ ጭነት ቁጥር ካለ ተቀጣጣይ ሟሚ ያለው ማጣበቂያ ተብሎ ይጓጓዛል። ሰነዱ እስኪመጣ ድረስ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣይና አማስይ። ውሃውን ወተት ካስመሰለው በውሃ የተሠራ ነው፤ ተሰብስቦ ከቀረ ወይም ከተንሳፈፈ በሟሚ የተሠራ ነው። በክብሪት የሚሞክሩ አሉ። ማንም እንዳያደርገው፣ በፍጹም።

አሁን አዲስ አበባ ላይ በተለይ ማወቅ ያለብሽን ልንገርሽ። ሰነድ ላይ የሚጻፈው ፍላሽ ፖይንት በባሕር ጠለል ግፊት የተሰላ ነው። የከተማችን የአየር ግፊት ከዚያ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ግፊቱ በ1 ኪሎ ፓስካል በቀነሰ ቁጥር ፍላሽ ፖይንቱ በ0.25 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሲደመር 6 ዲግሪ ያህል ነው። ዛይሊን ያለበት ሲላንት «27 ዲግሪ» ተብሎ ቢጻፍበት እናንተ ጋ 21 አካባቢ ነው፤ ያ ደግሞ የተራ ቀን የክፍል ሙቀት ነው። ቶሉይን ከሆነማ ባሕር ጠለል ላይም 4 ዲግሪ ብቻ ነው። የዛይሊን ትነት ከአየር ከ3 እጥፍ በላይ ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ በበር ሥር አልፎ ብየዳው ጋ ይደርሳል፣ የመኪና መሥሪያ ጉድጓድ ውስጥም ይተኛል። አፍንጫ ከፍታ ላይ ሽታው ደካማ ሆኖ ወለሉ ላይ ግን ሊቀጣጠል የሚችል መጠን ሊኖር ይችላል። ግድግዳው ማዶ ያልሽው ብየዳ ያሰጋኝ ለዚህ ነው።

ሟሚ ያለውን ከብየዳ፣ ከግራይንደር (ብልጭታ ከሚያወጣው የብረት መፍጫ) እና ከኮምፕረሰር አርቀሽ፣ ለብቻው ክፍል አድርጊለት። ክፍሉ ከላይም ከወለሉ አጠገብም አየር ማስወጫ ይኑረው፤ የላይኛው ብቻ ከሆነ ከባዱን ትነት አያወጣም። ከሥሩ ፈሳሽ የሚይዝ ትሪ ይቀመጥ፤ ልኩ ከትልቁ ዕቃ ይዘት 110 በመቶ ነው፤ ባለ 20 ሊትር የቲነር ጀሪካን ካለ 22 ሊትር የሚይዝ ማለት ነው። ማጥፊያው ዱቄት፣ ፎም ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሁን፤ ውሃ በቧንቧ ከተረጨበት የሚነደውን ሟሚ ይበትነዋል። የስቱኮው ማጠንከሪያ (ያቺ ትንሿ ቀይ ወይም ነጭ ቱቦ) ፐርኦክሳይድ (እሳት የሚያባብስ ኬሚካል) ስለሆነች ከሟሚም ከሲላንትም ተለይታ፣ ቀዝቃዛ ቦታ፣ የራሷ ሳጥን ውስጥ ትቀመጥ።

ባዶ የቲነር በርሜል ወይም የሟሚ ሲላንት ጣሳ አትቁረጡ፣ አትበይዱ። ባዶ የሚመስለው በትነት የተሞላ ነው፤ ከሙሉው ይልቅ የሚፈነዳው እሱ ነው።

ቀለም_ቀማሚ፦

ላሜራ_ቀጥ ስለ እሳቱ ጨርሶታል። እኔ ያለጊዜው ስለሚበላሸው ልጨምር፤ ጥያቄሽ ላይ ያሉት ምልክቶች ምክንያታቸውን ይናገራሉና።

ቱቦው ከወዲያኛው ጫፍ የደረቀው አየር የገባው በኋላ በኩል ስለሆነ ነው። ከኋላ ያለችው ተንሸራታች ክዳን፣ ካርቶን በካርቶን ላይ ተቆልሎ ሲጫናት ወይም በሙቀት ስትለሰልስ ከቱቦው ግድግዳ ትላቀቃለች። ፕላስቲኩ ራሱም ቢሆን ቀስ በቀስ ውሃና ሟሚ ያሾልካል፤ ሙቀት ሲጨምር ያ ይፈጥናል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ቀትር ላይ የላይኛው መደርደሪያ ከወለሉ ጋር የማይወዳደር ሙቀት አለው። አብዛኛው አምራች የሚለው ከ5 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ አንዳንዱ 30 ይፈቅዳል። ስለዚህ ወደ ታች አውርጂው፣ ግን ሲሚንቶው ላይ ሳይሆን ጣውላ ላይ፤ ካርቶኖቹም ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ አይደራረቡ። ድሬዳዋ ወይም አፋር ላይ ያለ ጋራዥ ከሆነ ወፍራም ግድግዳ ያለው ክፍል ግድ ነው፤ ቆርቆሮ ቤት አይሆንም።

ቀኑን ስታነቢ ተጠንቀቂ። ማሸጊያው ላይ ያለው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «06 26» ማለት ሰኔ 2018 ገደማ ነው፤ 6ኛውን ወር የካቲት ብሎ የሚያነብ ሰው ደህናውን ይጥላል፣ ወይም በተቃራኒው። ብዙውን ጊዜ ሳይከፈት 12 ወር ይቆያል፤ የሚቆጠረው ደግሞ ከተመረተበት ቀን እንጂ እናንተ ጋ ከደረሰበት አይደለም። የሙቀቱን ወራት ጅቡቲ ኮንቴይነር ውስጥ ያሳለፈ ዕቃ ከዕድሜው የተወሰነውን እዚያ ጨርሷል። ስትረከቢ ከየካርቶኑ አንድ ቱቦ በጣትሽ ተጫኚ፤ እኩል የማይለሰልስ ከሆነ አትፈርሚ። ካርቶኑ ላይ የገባበትን ቀን በትልቁ በእኛ አቆጣጠር ጻፊና መጀመሪያ የገባውን መጀመሪያ አውጪ።

የተከፈተ ቱቦ ላይ ምስማር የሚሰኩ አሉ። ምስማሩ ይዝጋል፣ ዝገቱ በኋላ በነጭ ቀለም ሥር ይወጣል። ከዚያ ይልቅ ከአፍንጫው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲላንት እንዲወጣ ይተውና ላዩ በፕላስተር ይጠቅለል፤ የወጣው ደርቆ ቡሽ ይሆናል፣ በማግስቱ ተስቦ ይወጣል። ሲላንቱን ከቱቦው የሚገፋው ጠመንጃ (ጋን) ላይ ያለው መልቀቂያ ሁልጊዜ ይጫን፤ ግፊቱ ካልለቀቀ ሌሊቱን ሙሉ ይፈስሳል።

ጣሳው ሲዘጋ አፉ ዙሪያውን ይጠረግ። ክዳኑ ሥር የደረቀ ቅሪት ካለ መቼም ጥብቅ ብሎ አይገጥምም። በውሃ የተሠራው ላይ ቀጭን ፕላስቲክ በቀጥታ ከሲላንቱ ገጽ ጋር አጣብቆ ማልበስ አየሩን ይከለክላል። የተረፈውን ወደ ብረት ባልዲ አትገልብጪ፤ በውሃ የተሠራው አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ የባልዲውን የዚንክ ልባጥም ሆነ አልሙኒየም ይበላል። ብሩሽ ነክሮ የተረፈውን ወደ ጣሳው መመለስም ባክቴሪያ ማስገባት ነው፤ መጥፎ ሽታና ጋዝ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ልዩነት ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ሌላው የሲላንት ዓይነት የአየር እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል። በውሃ የተሠራው አክሪሊክ ግን ውሃው ሲወጣ ነው የሚደርቀው። ስለዚህ የተከፈተን የአክሪሊክ ቱቦ ከእርጥብ ጨርቅ ጋር ፌስታል ውስጥ ማስቀመጥ ይጠቅመዋል፤ ፖሊዩሬቴኑን እንዲሁ ብታደርጊ በጥቂት ቀን ድንጋይ ይሆናል። ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ አታቀላቅዪ።

ጤና_በሥራ፦

እጅን በቲነር መታጠብ ዛሬውኑ ይቁም። ቲነር የቆዳውን ቅባት ያወልቃል፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ በተሰነጠቀው በኩል ይገባል። በውሃ የተሠራው ቢሆንም ንጹሕ አይደለም፤ እንዳይሸት ብለው አይሶቲያዞሊኖን የሚባሉ መከላከያዎች ይጨምሩበታል፤ እነሱ በጥቂት መጠንም ቆዳን አለርጂ ያደርጋሉ። አንዴ ከያዘ ዕድሜ ልክ ነው፤ ሰውየው ያን ዓይነት ቀለምም ሲላንትም በባዶ እጁ መንካት አይችልም። እርጥቡ በሳሙናና በውሃ ይለቃል። ሟሚ ያለው ከነካ መጀመሪያ በጨርቅ ይጠረግ፣ ከዚያ በምግብ ዘይት ታሽቶ በሳሙና ይታጠብ።

ጓንቱ ናይትራይል ይሁን፤ ላቴክሱን ዛይሊን ወዲያው ያልፈዋል። ቀጭኑ ናይትራይልም ለብናኝና ለጠብታ እንጂ ለመነከር አይደለም፤ ከረጠበ ወዲያው ይቀየር። ሟሚ ያለው በተዘጋ ቦታ፣ ለምሳሌ መኪና ውስጥ ወለል ላይ ሲቀባ፣ አራቱም በር ክፍት ሆኖ ቡናማ ቀለበት ያለው ኤ2 ማጣሪያ (የሟሚ ትነት የሚይዝ) የተገጠመለት ማስክ ያስፈልጋል። የጨርቅም ሆነ የአቧራ ማስክ ትነትን አይይዝም። በአየር ግፊት የሚረጭ ከሆነ የብናኝ ማጣሪያ ተደርቦበት ኤ2ፒ2 ይሁን።

ቲነርም ሆነ የተቀጠነ ሲላንት ሃይላንድ ውስጥ አይቀመጥ። የተጠማ ሠራተኛ ወይም ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከተጠጣ አታስታውኩት፣ ወተትም አትጋቱት። ሲያስመልስ ሟሚው ወደ ሳንባ ይገባል፤ ገዳዩ ያ ነው። ማሸጊያውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሽፋሽፍቱን ከፍቶ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ።

ደርቆ የቆየ ሲላንት ላይ ስለሚበየደውም ልበል። ከብየዳው ግራና ቀኝ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር በስፓቱላ ይነሣ። ሲቃጠል ጭሱ ዓይንና ጉሮሮ ይልጣል፤ ፖሊዩሬቴን ከሆነ ደግሞ አይሶሳይኔት የሚባል መተንፈሻን የሚጎዳ መርዝ ያወጣል። ከላሜራው ጀርባ ያለው ሲላንት ሳይታይ ጨሶ ምንጣፉን ሊያያይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ከሥራው በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ይኑር።

ሚኒሶታ_ቦዲሾፕ፦

ከላይ ያሉት ጥሩ ብለዋል። ከዚህ ከአሜሪካ ለሚልኩ ሰዎች ነው የምጽፈው። የነበልባል ምልክት ያለበትን ሲላንት ለወዳጅ ብሎ ሻንጣ ውስጥ መክተት በአውሮፕላን ክልክል ነው፤ በእጅም በጭነት ሻንጣም። በውሃ የተሠራው ደግሞ እዚህ በበረዶው ወራት መኪና ውስጥ አንድ ሌሊት ካደረ በረዶ ይሠራል፤ አንዴ በረዶ ከሠራ በኋላ ቢሞቅም አይመለስም፣ እንደ አይብ ይቆራረጣል። እሱን መግፋትም ማቅጠንም ትርፍ የለውም፤ ይጣል።

ዕቃ_ክፍል፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሙከራውን አደረግሁት፤ ቱቦው ውሃውን ወተት አስመሰለው፣ የብሩሹ ጣሳ ግን ተሰብስቦ ቀረ፤ የነበልባል ሥዕልም አለው። ያበጡት ጣሳዎች ሁለቱም የብሩሹ ናቸው። ልክፈታቸው? ደግሞስ ቱቦው ክረምት ላይ አልደርቅ ብሎ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ እሱም ከአቀማመጥ ነው?

ላሜራ_ቀጥ፦

ጣሳው ባሕር ጠለል ላይ ተዘግቶ እናንተ ጋ ሲደርስ የውጩ ግፊት ስለሚቀንስ ብቻ ክዳኑ ትንሽ ሊነሣ ይችላል፤ ሙቀቱ ደግሞ ይጨምርበታል። ስለዚህ ማበጡ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ከሰዓት አትክፈቺው። መጀመሪያ ሌሊቱን ቀዝቃዛ ቦታ ይደር፤ ጠዋት ደጅ አውጥተሽ፣ መነጽር አድርገሽ፣ ክዳኑን ጨርቅ አልብሰሽ ከአንድ ጎን በጥቂቱ ክፈቺው። «ፍስ» ብሎ ካበቃና ውስጡ ወጥ ከሆነ ይሠራል። ጎኑ ዝጎ የሚያንጠባጥብ ወይም ከተከፈተ በኋላም እንደገና የሚያብጥ ከሆነ አትጠቀሚበት፤ የተዘጋ፣ ስሙ የተጻፈበት የብረት ዕቃ ውስጥ ከሟሚ ቆሻሻ ጋር ይቀመጥ። ቦይ ውስጥ አይፈስስ።

የቱቦው መሰነጠቅ ከአቀማመጥ አይደለም። በክረምት አየሩ ራሱ ውሃ ስለጠገበ ከሲላንቱ የሚወጣው ውሃ ይዘገያል፤ ላዩ ቆዳ ያበጅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ቀለም ሲደረብበት ውስጡ እየኮማተረ ቀለሙን ይጎትተዋል። በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይሂዱ፤ ጥልቅ ከሆነ በሁለት ዙር፣ የመጀመሪያው ደርቆ። ባዶ ላሜራ ላይም አይደረግ፤ በሟሚ የማይነሣ ኤፖክሲ ፕራይመር (ዝገት የሚከላከል መሠረት ቀለም) ይቅደም፣ አለበለዚያ ውሃው እስኪወጣ ከሲላንቱ ሥር ላሜራው ላይ ዝገት ይጀምራል። በመብራት ለማድረቅ አይቸኩሉ፤ አረፋ ያወጣል። የስፖርቴሎውን የታች ጠርዝ ሲዘጉ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን አብረው እንዳይደፍኑ አንቺው ሥራ ከመውጣቱ በፊት እያየሽ ተቆጣጠሪ።