ክርክር፦ የምናዋጣው ብር ለዩኒቨርሲቲው ሳይንስ መምህራን ይሁን ወይስ ለሃይስኩሎቻችን?

የመንዝ ልጅ፦
ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ሰሞኑን ተወላጁ አገር ውስጥም ውጭም ያለው አዋጥቶ ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አንድ ነገር ያድርግ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ብዙው ሰው ህንፃ ይሰራ አዳራሽ ይሰራ እያለ ነው። እኔ ህንፃውን አልደግፍም። ህንፃ መንግስትም ይሰራል፣ ሁሌ የሚያጥረው የየእለቱ ነገር ነው፣ ኬሚካል መግዣው፣ የተማሪ የመስክ ጉዞው፣ መምህሩ ሪሰርች የሚሰራበት፣ ማሽን ሲበላሽ ማስጠገኛው። ስለዚህ ዋናው ብር የማይነካ፣ ትርፉ ብቻ በየዓመቱ ለፊዚክስ ለኬሚስትሪ ለባዮሎጂና ለሂሳብ መምህራን ስራ የሚውል ቋሚ ፈንድ ይሁን ነው የምለው። አዲስ ነገር አይደለም ይሄ፣ እ.ኤ.አ. በ1663 ሄንሪ ሉካስ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሞት በኑዛዜው ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት መግዣ ተወ፣ አንድ የሂሳብ ፕሮፌሰር ይቀጠርበት ብሎ። በ1669 በዛ ገንዘብ የተቀጠረው ኒውተን ነው። ስቴፈን ሆኪንግም ከ1979 እስከ 2009 እዛው ቦታ ላይ ነበር።

ጠባሴ፦
ወንድሜ ነገሩን ከላይ ነው የጀመርከው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ተረሳ እንዴ? እንደ አገር 50 ከመቶና በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ተሻሻለ ተብሎ 8.4። የእህቴ ልጅ ሃይስኩል ሲጨርስ ቢከር የሚባለውን የላብ ብርጭቆ በእጁ ነክቶ አያውቅም፣ ቲትሬሽን የሚባለውን የኬሚስትሪ ሙከራ ከሰሌዳ ላይ ነው የገለበጠው። አጣዬ በ2013 ስትቃጠል የሆነውን እናውቃለን፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕና ባኬሎ መጠለያዎች ያሉት የተፈናቃይ ልጆች እዚሁ አይናችን ስር ናቸው። እነሱን ዘለን ዲግሪ ያለውን ሰው እንደግፍ? ህሊናዬ አይቀበለውም።

የመንዝ ልጅ፦
የእህትህን ልጅ ኬሚስትሪ ያስተማረው ሰው ከየት ነው የተመረቀው? ዩኒቨርሲቲ ላብ ሳይገባ የተመረቀ መምህር ሃይስኩል ሄዶ ላብ ሊያሰራ አይችልም፣ እቃው ቢገዛለት እንኳን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው ምክንያቱም ይሰበርብኛል ብሎ ይፈራል። ስለ ልጆቹ ያልከው ያመኛል፣ ግን መምህሩን ካላስተካከልን በየዓመቱ ያንኑ ፐርሰንት ነው የምንቆጥረው።

ባንክ ቤት ነኝ፦
እኔ ደሞ ሁለታችሁም ያላነሳችሁት አለ። ትርፉ ብቻ ይውጣ ማለት ጥሩ ነው ግን ብሩን የት ነው የምታስቀምጡት? ባንክ ካላችሁ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፣ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሄድ 7 በመቶ እየወሰደ የተቀመጠ ብር ምን እንደሆነ አስቡት፣ ዋናው ሳይነካ ነው ያለቀው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ ይመራ ሲባል ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ፣ የላብ እቃ ደግሞ በሙሉ ከውጭ ነው የሚመጣው ስለዚህ አንድ ማይክሮስኮፕ ይገዛ የነበረ ብር ግማሹን ብቻ ነው የሚገዛው። ሉካስ ያለው መሬት ይገዛ ነው፣ ብሩ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ አላለም። እኛ አገር መሬት የመንግስት ነው፣ አይሸጥም፣ ግን ከተማ ውስጥ የሚከራይ ቤት መስራት ይቻላል፣ ኪራይ ከኑሮው ጋር አብሮ ይጨምራል። የዲያስፖራው ድርሻ ደግሞ በውጭ ምንዛሬ ይቀመጥ። ይሄ ካልሆነ የጠባሴ ሐሳብ ይሻላል፣ ብሩ ሳይሟሽሽ ዛሬውኑ ለልጆቹ ይዋል።

ላብ ቴክኒሻኗ፦
እኔ ሌላ ቦታ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው የምሰራው ስሙን አልጠራም። በእርዳታ የመጣ ትልቅ ማሽን አለን፣ ሲመጣ ፎቶ ተነሱበት፣ አብሮት የመጣው ኪት፣ ማለትም የመመርመሪያ ኬሚካሉ፣ እስኪያልቅ ሰራን ከዛ በኋላ ኪቱን ለመግዛት ጨረታ፣ ጨረታው ሲያልፍ የውጭ ምንዛሬ ወረፋ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ አንድ ካርድ ተቃጠለ፣ ስፔር ፓርቱን የሚያመጣ የለም እና አሁን ጨርቅ ለብሶ ቁጭ ብሏል። እባካችሁ የምትሰጡ ሰዎች፣ ማሽን አትስጡን ማለቴ አይደለም፣ ከማሽኑ ጋር የአምስት ዓመት ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል)፣ ስታቢላይዘርና የሚጠግን ሰው ስልጠና አብራችሁ ስጡ። ቴክኒሻን ደሞ ማንም አያስታውስም፣ ስፖንሰር ሲገኝ ስልጠና የሚሄደው ሁሌ ዶክተሩ ነው።

እንሳሮ፦
እኔ ከመሰረቱ አልስማማም ይቅርታ። ዩኒቨርሲቲው የመንግስት ነው፣ እኛ በሰጠን ቁጥር መንግስት እነሱማ ረዳት አላቸው ብሎ በጀት ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ብር የሰጠ ሰው ምን ይጠና እያለ ያዛል። አንድ ባለሀብት ለገብስ ጥናት ብቻ ብሎ ቢሰጥ የሂሳብ መምህሩ ምን ሊሆን ነው? የመምህሩን ኑሮ ማሻሻል የመንግስት ግዴታ ነው፣ መምህራኑ በ2015 ስራ ያቆሙት እኮ ለዚሁ ነው። በእኛ መዋጮ ግዴታውን አናቅልለት።

የመንዝ ልጅ፦
ወንድም እንሳሮ፣ ሰጪው ያዛል ያልከው እውነት ነው ግን የራስህ ብር ከሌለህ ደግሞ የሚያዝህ ሩቅ ያለው ነው። የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ አስበው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ናቸው። ከዛ በኋላ ግን ውጭ ያሉት ተቋማት የናንተ ላብ የሰራውን ጥናት አንቀበልም ከኛ ደረጃ አይደርስም እያሉ፣ የመርዛማነት ምርመራውን የሚከፍል እየጠፋ ስንት ዓመት ሄደ። እሱና ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የወሰዱት በ1989 ነው፣ 25 ዓመት! ያኔ እዚሁ የራሳችን ገንዘብና በደንብ የተደራጀ ላብ ቢኖር ይሄ ሁሉ ጊዜ ይፈጅ ነበር? እኛ አገር ደሞ የሚጠና ሞልቷል፣ የመንዝ በግ አለ፣ ውርጭ የሚመታው ገብስ አለ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮውን ከውጭ ዩኒቨርሲቲ እየመጡ ለስንት ዓመት ሲያጠኑት እናያለን። በጀት ይቀንሳል ላልከው ደግሞ ብሩ ዩኒቨርሲቲው ካዝና አይግባ። በ2011ዱ የሲቪል ማህበረሰብ አዋጅ ቁጥር 1113 የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት (ቋሚ ፈንድ) ብሎ ለብቻ ማስመዝገብ ይቻላል፣ ቦርዱ ውስጥ መምህራንም ተማሪም ሰጪዎችም ይግቡ፣ ምን እንደሚጠና ግን የሚወስኑት መምህራኑ ብቻ ይሁኑ።

ባንክ ቤት ነኝ፦
ኦዲቱ በየዓመቱ እዚህ ግሩፕ ላይ ይለጠፍ። ያለሱ አንድም ሰው አያዋጣም።

ላብ ቴክኒሻኗ፦
ቦርዱ ውስጥ ቴክኒሻንም ይግባ 🙏

ጠባሴ፦
እሺ አልጨቃጨቅም፣ የእንዶዱ ነገር ገብቶኛል። ግን የኔ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ከዚህ ፈንድ አንድ ሳንቲም የወሰደ መምህር ክረምት ክረምት የሃይስኩል የሳይንስ መምህራንን ዩኒቨርሲቲው ላብ አስገብቶ ያሰልጥን፣ የሸዋሮቢቱም የመሃል ሜዳውም የአጣዬውም መምህር ተራ ይድረሰው፣ የካምፑ ልጆች መምህሮች ደሞ በመጀመሪያው ዙር ይግቡ። ይሄ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ በፅሁፍ ይስፈር፣ በቃል አልቀበልም። ካልሰፈረ እኔ ድርሻዬን ለሃይስኩሉ በቀጥታ ነው የምልከው።