የአሜሪካና የቻይና የቀረጥ ጠብ የጅማን አኩሪ አተር ያስወድደዋል?

ጥያቄ (የናዳው ልጅ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወላጆቼ ኦሞ ናዳ ወረዳ ውስጥ በቆሎ በብዛት፣ አኩሪ አተር ደግሞ በጥቂቱ ያመርታሉ። አባቴ ቻይና በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ ቀረጥ ስለመጣሏ በሬዲዮ ከሰሙ ወዲህ «ቻይና ከአሜሪካ ካልገዛች ፊቷን ወደ እኛ ማዞሯ አይቀርም፤ ለመጪው መኸር የበቆሎውን ማሳ ግማሽ ለአኩሪ አተር እንልቀቀው» እያሉ ነው። የባሕር ማዶ ቀረጥ እዚህ ጅማ ሂርማታ ገበያ የሚደርሰው በየት በኩል እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ (የግብርና ኢኮኖሚክስ መምህር)፦
የአባትዎ ሐሳብ መሠረት አለው፤ መደምደሚያው ግን ወደ ተቃራኒው ሊያመራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ቻይና በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 25 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ስትጥል፣ የዓለም የእህል ዋጋ መነሻ የሆነው የቺካጎ ገበያ ዋጋ ወደቀ፤ የቻይና ገዢዎች በአንድ ጊዜ ወደ ብራዚል በመዞራቸው ደግሞ በብራዚል ወደቦች ዋጋው ከቺካጎው በላይ ከፍ አለ። ቻይና ያልገዛችው የአሜሪካ ምርት በረከሰ ዋጋ እንደ ግብፅና የአውሮፓ ኅብረት ወዳሉ፣ ከጠቡ ውጭ ወደሆኑ ገበያዎች ፈሰሰ። የአሜሪካ መንግሥት ለገበሬዎቹ በ2018 እስከ 12 ቢሊዮን፣ በ2019 እስከ 16 ቢሊዮን ዶላር ድጎማ መድቦላቸዋል። የኦሞ ናዳ ገበሬ እንዲህ ያለ ደጋፊ የለውም። ስለዚህ ቻይና እንደ ብራዚል በገፍ ለሚያቀርብላት ዋጋ ስትጨምር፣ እንደ እኛ ያለ አነስተኛ ላኪ በሌሎች ገበያዎች ከረከሰው የአሜሪካ ምርት ጋር ይጋፈጣል።

በቆሎውን በተመለከተ ደግሞ ከጅቡቲ እስከ ጅማ ያለው የጭነት ወጪ እንደ አጥር ነው፤ ከውጭ የሚገባው እህል እዚህ እስኪደርስ እጅግ ይወደዳል፣ ከዚህ ወደ ውጭ ቢላክም ለገበሬው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ዋጋው በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል እስካለ ድረስ የቺካጎ መውጣትና መውረድ እምብዛም አይነካውም፤ የሚወስነው ዝናቡ፣ የመንገዱ ደኅንነትና የአዲስ አበባው እህል በረንዳ ፍላጎት ነው።

መልስ (እህል ነጋዴ፣ ጅማ)፦
መምህሩ ባሉት እስማማለሁ፤ ይሁንና ላኪው በምርት ገበያ በኩል ለአኩሪ አተር የሚሰጠውን ዋጋ የሚያሰላው ከውጭው ዋጋ ተነሥቶ ስለሆነ የዶላር ምንዛሪው መረሳት የለበትም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰኑ፣ እኔ እንደማየው፣ ከየትኛውም የቻይና ቀረጥ ይበልጥ ዋጋውን አንቀሳቅሶታል፤ ዩሪያውም በዶላር ስለሚገባ አብሮ ተወደደ እንጂ። ደግሞም ቀረጥ ለአንድ የአዝመራ ወቅት እንኳ ላይጸና ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ቻይና በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 10 በመቶ ጨመረች፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ግን ሁለቱ አገሮች ተስማምተው ቻይና እስከ 2028 ድረስ በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ቶን እንድትገዛ መወሰኑን ዋሽንግተን አሳወቀች። አንድ ትልቅ የእህል መርከብ 60 ሺህ ቶን ያህል ይጭናል፤ ከእኛ አካባቢ ይህን ያህል ማን ይሰበስባል?

የናዳው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ አኩሪ አተሩን ጨርሰን እንተወው?

መልስ (የግብርና ባለሙያ፣ ደዶ)፦
አትተዉት። በቀረጡ ዜና ግማሽ ማሳ መልቀቁ ባይመከርም፣ በቆሎ በተከታታይ የተዘራበትን መሬት በአኩሪ አተር ማፈራረቅ በራሱ ጥቅም አለው፤ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስድ ለራሱ እምብዛም ዩሪያ አይፈልግም፣ ቀጥሎ ለሚዘራው በቆሎም ያግዛል። ይህ የሚሆነው ግን አፈሩ ሲፈቅድ ነው። የአካባቢያችን መሬት አሲዳማነት ስለሚያጠቃው መጀመሪያ አፈሩን አስመርምሩ፤ ኖራ ካስፈለገውም ከመዝራታችሁ አስቀድማችሁ አድርጉለት። ዘሩን በባክቴሪያ ማዳበሪያ የምትለውሱት በጥላ ሥር ይሁን፤ ፀሐይ ባክቴሪያውን ስለሚገድለው በዚያው ቀን ዘርታችሁ ጨርሱ።