«ውስጥ ሆነን ታግለናል»?? ኧረ በናታችሁ!

የፒያሳ ልጅ፦ ትላንት ማታ አራት ኪሎ ሄጄ ነበር፣ አንድ የድሮ የኢህአዴግ ሚኒስትርና አንድ የድሮ የተቃዋሚው የቅንጅት ተመራጭ የህዝብ ጥያቄ ይመልሳሉ ተብሎ። አንዲት እናት ማይክ ይዘው «በሰኔ 97 ከምርጫው በኋላ ልጆቻችን ሲገደሉ እርስዎ በማግስቱ ቢሮ ገብተዋል?» ሲሉት ሚኒስትሩ ውሃውን ፉት አለና «እኛም ውስጥ ሆነን ታግለናል» ብሎ እርፍ። እሱ እንኳን አልገረመኝም፣ አዳራሹ አጨበጨበለት እኮ!

አራዳው፦ ምን ውስጥ ሆኖ? ቪኤይት ውስጥ?

እታለም ካዛንቺስ፦ መቀለድ ቀላል ነው። ቢያንስ መጥቶ ህዝብ ፊት ተቀመጠ፣ ሌሎቹ የት አሉ? ያኔ የፓርቲ ግምገማ ላይ አንድ ነገር ከተናገርክ ወይ ጠባብ ወይ ትምክህተኛ ወይ ኪራይ ሰብሳቢ ተብለህ ነው የምትወጣው። አባቴ በዚሁ ነው ከስራው የተነሳው፣ ስለዚህ ውስጥ ሆኖ መታገል የሚባል ነገር የለም አትበሉኝ

የፒያሳ ልጅ፦ እትዬ፣ አባትሽ ታግሎ ተነሳ። ይሄኛው «ታግሎ» ተሾመ። አንድ ናቸው?

እታለም ካዛንቺስ፦ እትዬ አትበለኝ፣ እኩያህ ነኝ

ጦቢያ፦ እሺ ታገለ እንበል። በ2002 ከ547 ወንበር 545ቱን ኢህአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ፣ ለተቃዋሚ የቀረችው አንዷም ከዚሁ ከአዲስ አበባ ናት። በ2007 እሷም ሄደች፣ 547ቱንም ጠቀለሉት። ሰውዬው ባይታገል ኖሮ ስንት ሊያመጡ ነበር፣ 600?

አራዳው፦ ሃሃሃ ገደልከኝ

ዘመናይ፦ ሁላችሁም ሚኒስትሩ ላይ ተረባረባችሁ፣ ጎኑ የተቀመጠውስ? ሌሊት ተሰልፈን አዲስ አበባን 138 ከ138 ሰጥተናቸው «አንረከብም» ያሉት እነሱ አይደሉም? ከተማዋ መንግስት ለሾመው ባለአደራ አስተዳደር ተሰጥታ እስከ 2000 ያለ ተመራጭ ቆየች። እሱ ደግሞ ውጪ ሆኖ ታገለ በሉኛ

የቀበሌው ጸሐፊ፦ 137 ነው።

ዘመናይ፦ በአንድ ወንበር ምን ይለወጣል?

የቀበሌው ጸሐፊ፦ ምርጫ ነው የምናወራው፣ ቆጠራ ነው። 137።

መምህሩ፦ ዘመናይ፣ ፓርላማውንም ለምን አልገቡም ስትል ይሄንንም ጨምር። ተሰናባቹ ፓርላማ ከመውጣቱ በፊት ደንቡን ቀይሮ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል ብሎ ነው የጠበቃቸው፣ ገብተህ አፍህን ዘግተህ ልትቀመጥ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ አዲስ አበባን መረከብ ነበረባቸው ባይ ነኝ፣ ፓርላማው ሌላ ከተማው ሌላ፣ ግን እንደ ዘመናይ እነሱንና ተኳሹን እኩል አላደርግም። ፓርላማው ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን እኮ ነው 193 ሰው ሞቷል ብሎ የቆጠረው፣ ኃይሉ ከልክ ያለፈ ነው ሲሉም መርማሪዎቹ ከሀገር ነው የተሰደዱት። ውስጥ ሆኖ መታገል ማለት የነሱ ነው!

የፒያሳ ልጅ፦ ተባረክ መምህሩ። እነሱ ቤታቸውንም ስራቸውንም ትተው ወጡ። የኛው ሰውዬ «የመንግስት ኑሮ ምን ይመስል ነበር» ሲባል «ደሞዛችን ትንሽ ነበር፣ ቅዳሜ እሁድ እንኳን ስብሰባ ነው፣ ልጆቼ ሲያድጉ አላየሁም» ነው ያለው

ጦቢያ፦ ቤቱ የመንግስት፣ መኪናው የመንግስት፣ ነዳጁ የመንግስት፣ ደሞዝማ ምን ያደርግለታል። ሲነሱ ደግሞ የተሰናባች ባለስልጣናት ጥቅማጥቅም አዋጅ 653/2001 አለላቸው። ለኛ ለተነሳነው የፒያሳ ሰዎችም አንድ አዋጅ ቢወጣልን

እታለም ካዛንቺስ፦ የፒያሳ መፍረስ እዚህ ምን አመጣው? የካዛንቺስም ፈርሷል፣ እኔ አነሳሁ?

ጦቢያ፦ ይኸው አነሳሽ

ዘመናይ፦ መምህሩ፣ እኩል ናቸው መቼ አልኩ? አልረከቡም ነው ያልኩት። ተረክበዋል?

መምህሩ፦ በኋላ እመለስበታለሁ፣ ክፍል እየገባሁ ነው

አራዳው፦ ውስጥ ሆኖ ሊታገል ነው ሃሃሃ

እታለም ካዛንቺስ፦ የፒያሳ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሴትዮዋ ከጠየቁ በኋላ አንተ ምን አልክ? ማይኩ ዞሮ ነበር አይደል?

የፒያሳ ልጅ፦ እኔ ጋ አልደረሰም። ወንበር ሞልቶ በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት

እታለም ካዛንቺስ፦ እና አጨበጨቡ ብለህ እኛን የምትሰድበው በር ላይ ቆመህ ነው

የፒያሳ ልጅ፦ ማንን ሰደብኩ? አንቺ አዳራሹ ውስጥ ነበርሽ እንዴ?

እታለም ካዛንቺስ፦ ነበርኩ። አጨብጭቤያለሁም። ለሴትዮዋ ነው ያጨበጨብኩት

አራዳው፦ ኧረ ተዪን

የቀበሌው ጸሐፊ፦ ዘመናይ 138 ያልከውን አስተካክል፣ እስካሁን እንደተጻፈ ነው።