የባለቤቴን መኪና ለአረጋውያን መጦሪያ ልስጥ ወይስ ሸጬ ገንዘቡን?

የሂርማታዋ ነርስ (ጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ካረፈ ዘጠኝ ወሩ ነው። መኪናው ግቢያችን ውስጥ እንደቆመች አለች። ቶዮታ ፕሪየስ ናት፤ ሶኬት ላይ የምትሰካው ዓይነት፣ ቤንዚንም ባትሪም ያላት (ሃይብሪድ የሚሏት)። በፈረንጆች የ2012 ስሪት ናት። እኔ መንዳት አልችልም። ልጆቼም ጅማ የሉም።

ለአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልሰጣት አስቤአለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። 31 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ከዚያ መጦሪያ ዳሌያቸው የተሰበረ እናት በባጃጅ አመጡልን። መንገዱ ጉድጓድ ነው። ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ሲጮኹ እንደመጡ አምጪዋ ልጅ እያለቀሰች ነገረችኝ። ያ ነገር ከውስጤ አልወጣም። ባለቤቴም ለዚህ ብትውል ደስ ይለው ነበር።

የእህቴ ልጅ ግን «አሮጌ ሃይብሪድ መስጠት ሸክም መስጠት ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው? ደግሞስ ወረቀቱ እንዴት ይሆናል?

መካኒክ ከአጂፕ

እናቴ፣ ነፍስ ይማር። ልጁ ግማሹን ልክ ነው። መኪናዋ ዘጠኝ ወር ስለቆመች መጀመሪያ የምትሞተው ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ናት። እሷ ከሞተች መኪናው ጭራሽ አይነሳም፤ ሰው ግን ትልቁ ባትሪ አለቀ ብሎ ይደነግጣል። ትንሿን አስቀይሩና መጀመሪያ ያንን እዩ።

ትልቁ ባትሪ አዲስ ሳለ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። በእሱ ብቻ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። አሁን ያነሰ ይሆናል። ባይሰኩትም እንደ ተራ ሃይብሪድ ትሠራለች፣ በዚህ አይጨነቁ። የባትሪውን ማቀዝቀዣ ፋን ግን ያስጠርጉ፤ የኛ አቧራ ይደፍነዋል። ብርቱካናማ ኬብሎቹን ማንም ያልተማረ ሰው እንዳይነካ። ይገድላሉ፣ እየቀለድኩ አይደለም። መኪናዋ ከአሜሪካ የመጣች ከሆነ የቻርጅ ገመዱ ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ። 120 ብቻ ካለ የኛ ሶኬት ላይ አይሰካም።

አንድ ነገር ግን ልቤን ይከብደዋል። ፕሪየስ መሬት የምትልስ መኪና ናት። የመጦሪያው መግቢያ በክረምት ምን ይመስላል? ዳሌው የተሰበረ ሰውስ እዚያ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ እንዴት ይቀመጣል?

ከጠበቃ ቤት

እትዬ፣ ስለ ወረቀቱ እኔ ልበል። ሊብሬው በባለቤትዎ ስም ከሆነ መጀመሪያ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣል። ከዚያ ልጆቹ ሁሉ መስማማት አለባቸው። ውጭ ያለ ልጅ ካለ በኤምባሲ በኩል ውክልና ይልካል። የስጦታ ውሉን ውልና ማስረጃ ፊት ተፈራረሙ። ስሙ እስኪዞር ቁልፉን አይስጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ሌላ ሰው ሲነዳው እንኳ። መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም አስቀድመው ያጣሩ።

ስጦታ ላይ ግዴታ መጻፍ እንደሚቻልም ይወቁ። «ለዚህ ብቻ ይዋል» ብለው በውሉ ማስፈር ይችላሉ።

ሲያትል ያለሁ የጅማ ልጅ

እዚህ አሜሪካ መኪና ለበጎ አድራጎት ሲሰጥ ድርጅቱ ብዙ ጊዜ አይነዳውም። በጨረታ ይሸጥና ገንዘቡን ይወስዳል። ስለዚህ መሸጥ ነውር አይደለም እናቴ። የመጦሪያውን ሰዎች ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?

የሂርማታዋ ነርስ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ ሁላችሁንም። የመጨረሻው ጥያቄ አሳፈረኝ፤ ጠይቄአቸው አላውቅም ነበር። ማክሰኞ ሄድኩ። ኃላፊዋ ቡና አፍልታ ተቀበለችኝ፤ ከዚያ እጄን ይዛ በሩ ድረስ ወሰደችኝ። መግቢያው ላይ ዝናቡ የቦረቦረው ቦይ አለ። ባጃጅ በዳር ዞሮ ያልፋል፣ ፕሪየስ ሆዷ ይነካል። ሹፌርም የላቸውም። «እምቢ ማለት ከብዶኝ ነበር የምቀበልሽ» አለችኝ። እኔም እሷም ዝም አልን።

ስለዚህ እሸጣታለሁ። ገንዘቡ በሽተኛ ወደ ሆስፒታል ለማመላለሻ ብቻ እንዲውል እንጽፋለን፤ ኃላፊዋም ወዳዋለች። በሽተኛ የሚያስተኛ ወንበር ያለው ሚኒባስ በሚፈለግበት ቀን ይከራዩበታል። ቦዩን ደግሞ የሰፈር ልጆች ድንጋይ ሊያለብሱት ቃል ገብተዋል።

የአጂፑ ልጄ፣ ቅዳሜ ጠዋት መጥተህ ታያታለህ? ትልቁ ባትሪ ምን ያህል እንደቀረለት ለገዢው እውነቱን መንገር እፈልጋለሁ። ካናዳ ያለችው ልጄ ውክልናውን ጀምራለች።

መካኒክ ከአጂፕ

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ በርዎ ላይ ነኝ። ትንሿን ባትሪ ይዤ እመጣለሁ።