እርሾ የጉሎ ዘይት እንዲሰራ ማድረግ፦ ጂኑ ገብቶ ዘይቱ ለምን ያንሳል?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ፣ ኮምቦልቻ ነኝ ባዮቴክ ነው የማጠናው። የመመረቂያ ፕሮፖዛሌን ሪሲኖሌይክ አሲድ በእርሾ ማምረት ላይ ላደርገው አስቤያለሁ። የጉሎ ዘይት ከ85 ፐርሰንት በላይ እሱ ነው፣ ናይለን 11፣ ግሪስ ምናምን ይሰራበታል። ጉሎ እዚህ በየአጥሩ ስር አለ፣ ግን ፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል መርዝ ስላለ የሚጨምቀውም ሰው የሚተርፈው ፋጉሎም ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ እርሾ ቢሰራው ይሄ ሁሉ የለም። የጉሎው ጂን ኤፍኤኤች12 በፈረንጆቹ 1995 ነው የታወቀው፣ ከሱ የሚሰራው ኢንዛይም (ሃይድሮክሲሌዝ) ኦሌይክ አሲድ የሚባል የስብ አሲድ ላይ አንድ ኦኤች (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ይጨምራል፣ ኦሌይኩን ደግሞ የዳቦ እርሾ ራሱ ይሰራል። ታዲያ ለምንድነው የዳቦ እርሾ ላይ የሚገኘው መጠን ትንሽ የሆነው? ጠንከር ያለ ፕሮሞተር (ጂኑ ምን ያህል እንዲሰራ የሚወስን ክፍል) ባደርግበት አይስተካከልም?

ጦሳ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልክ ነው ግን ፕሮሞተሩ ላይ አትድከም። ኢንዛይሙ የሚሰራው ኦሌይኩ ፎስፋቲዲልኮሊን (ሜምብሬን የሚባለው የሴሉ ስስ ሽፋን የሚሰራበት ስብ) ላይ ተያይዞ እያለ ነው፣ ስለዚህ ሪሲኖሌይኩ የሚወለደው እዛው ሜምብሬኑ ውስጥ ነው፣ መሄድ ያለበት ግን ሴሉ ዘይት ወደሚያጠራቅምበት ጠብታ። ኦኤቿ ውሃ ትወዳለች የሜምብሬኑ መሃል ደግሞ ውሃ አይወድም፣ እዛ ሲጠራቀም ያናጋዋል። ፖምቤ የሚባለው እርሾ ላይ ሲበዛ እድገቱን እንደሚገታ ታይቷል። ምርቱን ብታበዛ ለእርሾው መርዝ ነው የምታበዛው። ጉሎ ራሷ ይሄን የምትወጣው ሪሲኖሌይክን መርጦ ዘይት ውስጥ በሚያስገባ ዲጂኤቲ2 በሚባል ኢንዛይም ነው። እኔ ብሆን ፕሮፖዛሌን ማምረቱ ላይ ሳይሆን ማጓጓዙ ላይ ነበር የማደርገው።

ዘሀራ ከደሴ፦
ጦሳ ያለው እውነት ነው፣ እኔ ደግሞ እርሾውንም ቀይር እላለሁ። ያሮዊያ ሊፖሊቲካ የሚባለው እርሾ ዘይት ማጠራቀም ተፈጥሮው ነው። በፈረንጆቹ 2014 ፈረንሳይ ውስጥ ኦሌይኩን ሊኖሌይክ ወደሚባል ሌላ የስብ አሲድ የሚቀይርበትን ጂን አጠፉበት፣ ስቡን መልሶ የሚያቃጥልባቸውንም ስድስቱን ፖክስ ጂኖች አነሱና ከጠቅላላ ስቡ 43 ፐርሰንት ሪሲኖሌይክ አገኙ። የገረመኝ ሃይድሮክሲሌዙ ከጉሎ አይደለም፣ ከኧርጎት ሻጋታ ነው። በፈረንጆቹ 1977/78 እዚሁ ወሎ ከሲናር ጋር እህል ውስጥ ገብቶ የሰው እግርና ጣት ያስቆረጠው ሻጋታ ማለት ነው፣ የሱም ዘይት ውስጥ ሪሲኖሌይክ አለ።

የቦርከና ልጅ፦
ወላሂ ይሄን አላውቅም ነበር፣ አላህ ይስጥልኝ። ያሮዊያ ዘይት ይበላል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ የኑግ ዘይት ብመግበውስ? እኛ ጋር እሱ አይጠፋም።

ዘሀራ ከደሴ፦
ይበላል፣ ሊፔዝ (ዘይት የሚሰብር ኢንዛይም) ወደ ውጭ ስለሚለቅ ዘይቱን እንዳለ ይሰብረዋል፣ የዳቦ እርሾ ግን ይሄን አይችልም። ችግሩ ኑግ አብዛኛው ሊኖሌይክ ነው አንተ የምትፈልገው ኦሌይክ። ቨርኖሊክ አሲድ የሚባለውን ሌላ የስብ አሲድ ብትሰራ ኖሮ ግን ኑግ ሁነኛ ነበር፣ በፈረንጆቹ 1998 ክሬፒስ ከሚባል ተክል የወጣው ኢንዛይም (ኢፖክሲጂኔዝ) ሊኖሌይክን ነው ወደ ቨርኖሊክ የሚቀይረው። ቨርኖሊክ ደግሞ የቨርኖኒያ ጋላሜንሲስ ዘይት ነው፣ አገራችን ውስጥ የሚበቅል የግራዋ ዘመድ፣ እስቲ አስብበት።

ጦሳ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ የትኛውንም ብትመርጥ ኦክስጅን እንዳይረሳ። ሃይድሮክሲሌዙም ኢፖክሲጂኔዙም ያለ ኦክስጅን አይሰሩም፣ ስለዚህ እንደ ጠላ ጋን አፉን አትድፈነው። ፍላስኩን እስከ አንድ አምስተኛው ብቻ ሙላው፣ አፉን በጥጥ ዝጋና ሼከሩ ላይ በደንብ ይናጥ።