ፍሬንች ቶስት ላዩ እያረረ ውስጡ ሊጥ ይሆንብኛል፣ ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

የቅዳሜ ቁርስ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ቀላል ነው ግን ሁለት ቅዳሜ አበላሽቶብኛል። የ7 አመቷ ልጄ ካፌ ፍሬንች ቶስት በላች፣ ከዛ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት እሱ ካልተሰራ ቁርስ አልበላም ብላለች። ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ የዛኑ ቀን የገባ ለስላሳ የተቆረጠ ቶስት ዳቦ ከሱፐርማርኬት ገዛሁ፣ ለአራት ቁራጭ ሁለት እንቁላል መታሁ፣ ከላስቲክ ወተቱ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ሙሉ ጨመርኩ፣ ጣፋጭ ይሁን ብዬ ሶስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ትንሽ ቀረፋ። ዳቦውን እዛ ውስጥ ዘፍዝፌ ሻይ እስኪፈላ ተውኩት። ሳነሳው ግማሹ እጄ ላይ ተበጣጠሰ፣ የተረፈውን ዘይት በደንብ በጋለ መጥበሻ ላይ ሳደርገው በሁለት ደቂቃ ጠቆረ፣ ስቆርጠው ግን ውስጡ ሊጥ ነው፣ ደግሞ እንቁላል እንቁላል ይሸታል። ቀረፋውም አልቀላቀል ብሎ ሲንሳፈፍ ቆይቶ አንዱ ቁራጭ ላይ ሄዶ ተለጠፈ። ልጅቷ አንዴ ጎርሳ "የካፌው እንዲህ አይደለም" ብላ ገፋችው። ምድጃዬ የኤሌክትሪክ ነው፣ ኦቨን የለኝም። እባካችሁ ለመጪው ቅዳሜ አድኑኝ

የካዛንቺሷ፦
እህቴ አይዞሽ ሁላችንም እዛ አልፈናል። መጀመሪያ ዳቦሽ ነው ጉድ የሰራሽ። የዛኑ ቀን ዳቦ ለፍሬንች ቶስት አይሆንም፣ ለስላሳ ስለሆነ ወተት ሲነካው ይሟሟል። የትናንት ወይም የትናንት በስቲያ ዳቦ ነው የሚፈለገው፣ ደረቅ ያለ። ሁለተኛ ወተቱ በዝቷል። እኔ የምለካው በቡና ስኒ ነው፣ ለሁለት እንቁላል አንድ ስኒ ተኩል ወተት፣ በቃ፣ አራት ቁራጭ ይበቃዋል። እንቁላሉ የሀበሻ ከሆነ ትንንሽ ስለሆነ ሶስት አድርጊው። ሶስተኛ ደግሞ ስኳሩ!! ሶስት ማንኪያ ስኳር መጥበሻ ላይ ሲወርድ ያራል እንጂ ምን ይሆናል። አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ ጣፋጩ ከላይ በሚፈሰው ነው የሚመጣው

የቅዳሜ ቁርስ (ጠያቂ)፦
አመሰግናለሁ። ግን ወንድ ነኝ ሃሃሃ። ባለቤቴ ለስራ ክፍለ ሀገር ነች፣ እስክትመጣ የቤቱ ሼፍ እኔ ነኝ

የካዛንቺሷ፦
ውይ ይቅርታ ወንድሜ! ጎበዝ እንዲህ ነው ቤት የሚያዝ። ምክሩ ግን ያው ነው አይቀየርም

ቁርስ ክፍል፦
ሆቴል ቁርስ ክፍል ውስጥ ስምንት አመት ሰርቻለሁ፣ ትንሽ ላብራራው ምክንያቱን ካወቅከው ሁለተኛ አትሳሳትም። ዳቦው ውስጥ የገባው እንቁላልና ወተት ነው፣ እሱ እንደ ክሬም ካራሜል (ያ የወተትና የእንቁላል ጣፋጭ) ቀስ ብሎ መርጋት አለበት። ለመርጋት ጊዜ ይፈልጋል ብዙ እሳት አይፈልግም። አንተ መጥበሻውን አግለህ ስትጥለው ላዩ በሁለት ደቂቃ ጨረሰ፣ ሙቀቱ መሀሉ ጋ ሳይደርስ አወጣኸው። ወተት ሲበዛ ደግሞ እንቁላሉ ያን ሁሉ ፈሳሽ ይዞ መርጋት ስለማይችል የቱንም ያህል ብትጠብሰው ውስጡ እርጥብ ነው።

የእንቁላል ሽታው፣ እንቁላሉን በደንብ ስላልመታኸው ነው። ነጩ ክፍል እንደ ንፍጥ ተያይዞ ይቀርና ዳቦው ውስጥ አይገባም፣ ላዩ ላይ ተጠብሶ ኦምሌት ይሆናል። እንቁላሉን ለብቻው ምታው፣ ወተት ሳትጨምር፣ ክር ክር የሚለው እስኪጠፋ ድረስ። ከዛ ወተቱን። እኛ እንዲያውም በሻይ ማጥለያ እናሳልፈው ነበር፣ ቤት ውስጥ ግን ደህና አድርገህ ከመታህ አያስፈልግም። ቫኒላ ካለህ ጠብ አድርግ፣ ጨው ቁንጥር አትርሳ፣ ጨው የሌለው ፍሬንች ቶስት ጣእሙ የሞተ ነው። ቀረፋው የተንሳፈፈው ቀረፋ ውሃ ስለማይወድ ነው። መጀመሪያ ከስኳሩ ጋር በደረቁ አዋህደው፣ ከዛ ከተመታው እንቁላል ጋር፣ ወተቱ መጨረሻ ይግባ። እንደዛም ሆኖ ትንሽ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ እያንዳንዱን ዳቦ ከመንከርህ በፊት በሹካ ቀስቀስ አድርገው።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ችግሩ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ስድስት ቁጥር ላይ አግለኸው ወደ ሶስት ብትመልሰው የምድጃው ሳህን እንደጋለ ይቆያል። ከመጀመሪያው ሶስት ላይ አድርገህ አምስት ደቂቃ ጠብቅ፣ ግድ የለም ይሞቃል። ቅቤ ስትጥል አረፋ ማውጣት አለበት ግን መጥቆር የለበትም። ከጠቆረ መጥበሻውን ከምድጃው አንሳና በሶፍት ጥረገው እንደገና ጀምር። በአንድ ጎን ሶስት አራት ደቂቃ፣ አትነካካው፣ አትጫነው!! በጭልፋ የሚጫኑ ሰዎች አሉ፣ ያ ሁሉ የነከርከው ተጨምቆ መጥበሻው ላይ ይወጣል። መብሰሉን ለማወቅ መሀሉን በጣትህ ነካ አድርገው፣ ተመልሶ ቀና ካለ በስሏል፣ ሰርጉዶ ከቀረ ገና ነው

ባለ መጥበሻ፦
በቅቤ ስትሉ የትኛውን ቅቤ ነው ግልፅ አድርጉ። እኔ አንዴ "ቅቤ" የሚል አይቼ እናቴ የላከችልኝን ንጥር ቅቤ አደረግኩበት፣ ኮረሪማ ኮሰረት በሶብላ ያለበትን፣ ቤቱ በሙሉ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ሸተተ። ማር ሳፈስበት ደግሞ አይ አትጠይቁኝ

ቁርስ ክፍል፦
ሃሃሃሃ። የገበታ ቅቤ፣ ጨው የሌለው ቢሆን ጥሩ። ብቻውን ቶሎ ስለሚያር ግማሽ ዘይት ግማሽ ቅቤ አድርጉ። ቅመም የሌለው ንጥር ካላችሁ ግን እሱማ ከሁሉም ይበልጣል፣ ቶሎ አያርም

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኛ ጋ አሜሪካ ቴክሳስ ቶስት የሚባል ወፍራም ዳቦ ይሸጣል፣ ብሪዮሽ የሚሉት ቅቤና እንቁላል ያለበት ዳቦም አለ፣ አሪፍ ናቸው፣ ግን አዲስ አበባ ላለ ሰው እሱን ማውራት ምን ያደርጋል። ዋናው ውፍረቱ ነው። ያ ተቆርጦ የሚሸጠው ስስ ነው አስር ሰከንድ በአንድ ጎን ይበቃዋል፣ አንተ ሻይ እስኪፈላ ትላለህ! ያልተቆረጠ ዳቦ ገዝተህ ራስህ የአውራ ጣትህን ያህል አወፍረህ ብትቆርጠው እስከ ሰላሳ ሰከንድ በየጎኑ ይችላል። እንግዳ ሲበዛብኝ እኔ ቆሜ አልጠብስም፣ ዳቦውን ቆራርጬ ትሪ ላይ ደርድሬ እንቁላልና ወተቱን አፍስሼበት ፍሪጅ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ኦቨን ውስጥ ነው የሚገባው። ለሱ ወተቱ በዛ ቢል ችግር የለውም ምክንያቱም አርባ ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ይበስላል። አንተ ኦቨን የለኝም ብለሃል ተወው።
በነገራችን ላይ ፓንኬክ ሲረፕ ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ከሜፕል ዛፍ የሚገኘው ሽሮፕ አይደለም፣ የበቆሎ ሽሮፕ ነው ሽታ የተጨመረበት። በውድ ከምትገዛው ማር ይሻልሃል

ድሮም ጨጨብሳ፦
ጨጨብሳና ፈጢራ እያለላችሁ የደረቀ ዳቦ በእንቁላል 😂

የካዛንቺሷ፦
አንተ ደግሞ የማትገባበት የለም። ለልጅቷ ሄደህ ንገራት እስቲ

ፆመኛዋ፦
ይቅርታ ጥያቄውን ልቀማችሁና፣ የፆም ፍሬንች ቶስት ይቻላል? ልጆቼ ረቡዕና አርብ ጠዋት ዳቦ በሻይ ሰለቸን ይላሉ

ባለ ሱፍ፦
ይቻላል እህቴ፣ እኔ በሁዳዴ የምሰራው ነው። አንድ በጣም የበሰለ ሙዝ በሹካ ድፍጥጥ አድርጊ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት፣ ቀረፋ፣ ጨው ቁንጥር፣ ከዛ ሁለት የቡና ስኒ የሱፍ ውሃ። ሱፉን ለፍትፍት እንደምታደርጊው ነው፣ ቆላ አድርገሽ ፈጭተሽ ማጥለል፣ ብቻ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ የነካው ወንፊት እንዳይሆን። ሱፍ ከሌለሽ የአኩሪ አተር ወተት ይሆናል። ውህዱ እንደ ስስ የፓንኬክ ሊጥ መሆን አለበት። ስኳር አይጨመርም ሙዙ ራሱ ይበቃል፣ እንዲያውም ሙዙ ቶሎ ስለሚይዝ የማይጣበቅ መጥበሻና አነስ ያለ እሳት ያስፈልጋል። ከእንቁላሉ ትንሽ ረዘም አድርገሽ ጥበሺው አለበለዚያ ሽምብራው ጥሬ ጥሬ ይላል። ዳቦውንም እዪው፣ ለስላሳዎቹ ውስጥ ወተት ወይ ቅቤ የሚገባባቸው አሉ።
እና እህቴ የሽምብራ ዱቄት ማለት ሽሮ ማለት አይደለም! የወንድሜ ሚስት "ያው ሽምብራ ነው" ብላ ነጭ ሽሮ አደረገችበት። በርበሬ የለውም እንጂ ነጭ ሽንኩርቱም ጥቁር አዝሙዱም ሁሉም አለበት። ልጆቹ እስካሁን ያነሱባታል

ፆመኛዋ፦
😂😂 ተባረኪ። ሱፍ አለኝ ነገውኑ እሞክራለሁ

ዱባይ ያለችው፦
እኔ ሰው ቤት ነው የምሰራው ቁርስ በየቀኑ እኔ ነኝ። እዚህ ወተቱ ውስጥ ሄል ይገባል፣ የሻይ ሄል፣ ሁለት ፍሬ ተወቅጦ። የእንቁላል ሽታ የሚባል ነገር ድራሹን ያጠፋዋል። ኮረሪማ አታድርግ እሱ ሌላ ነው ይከብዳል። ከላይ ዲብስ የሚሉትን የቴምር ሽሮፕ ያፈሱበታል፣ ለልጆች ደግሞ የጣሳ ጣፋጭ ወተት። ወተት ከጠፋብህ የዱቄት ወተት ወፈር አድርገህ በጥብጠህ መስራት ትችላለህ እኔ እንዲያውም እሱ ይበልጥብኛል

ነታንያ፦
እኛ እስራኤል አርብ የተረፈ ኻላ (የአይሁድ የሰንበት ዳቦ) እሁድ ጠዋት እናደርገዋለን፣ በሰንበት አይጠበስም እስከዛ ደግሞ ራሱ ደርቆ ይጠብቃል። ኻላ ውስጥ እንቁላልና ስኳር ስላለ ሌላ ስኳር አንጨምርም። እናቴ ግን የምትወደው ከኻላ ይልቅ በሀበሻው የሰንበት ዳቦ ሲሰራላት ነው

የልጆች አያት፦
ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። ሁላችሁም ዳቦ ግዛ ዳቦ ግዛ ትሉታላችሁ፣ በዓል ያለፈ ቀን ቤት ሙሉ ድፎ ዳቦ ደርቆ የለም ወይ? እኔ ለልጅ ልጆቼ የምሰራው በድፎ ነው። ላዩና ታቹ፣ ኮባው የነካው ጠንካራው ቅርፊት፣ ወተት አይገባበትም፣ እሱን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ለቡና ይሆናል። መሀሉን ወፈር አድርጎ መቁረጥ፣ ድፎ እምቅ ስላለ ከፎርኖው ዳቦ ይልቅ ቆየት ብሎ ይንከር፣ አንድ ደቂቃም ይችላል፣ አይበጣጠስም። ጥቁር አዝሙድ ያለበት ከሆነ ቀረፋ አታድርጉ ሁለቱ ይጣላሉ። ማሩ ከረጋባችሁ ደግሞ እሳት ላይ አትጣዱት መዓዛውን ያጣል፣ እቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት ቀስ ብሎ ይፈታል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ የጀመሩት ዳቦ እንዳይጣል ብለው ነው ሲባል እሰማለሁ

ፍራንክፈርት፦
እውነትዎን ነው እማማ፣ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ፍሬንች ቶስት አይሉትም፣ ፓን ፔርዱ ነው የሚሉት፣ የጠፋ ዳቦ እንደማለት። እዚህ ጀርመን ደግሞ አርመ ሪተር ይባላል፣ ድሃ ፈረሰኛ። ስሙ ሁሉ የድህነት ነው ካፌ ሲገባ ነው ዋጋው ሌላ የሆነው

የካዛንቺሷ፦
የቅዳሜው አባት ምን ደረስክ? ዛሬ እሁድ ነው ዝም አልክ እኮ

የቅዳሜ ቁርስ (ጠያቂ)፦
አለሁ አለሁ። ድፎ አልነበረኝም፣ ሐሙስ ያልተቆረጠ ዳቦ ገዝቼ አርብ ማታ አወፍሬ ቆርጬ ወንፊት ላይ ዘርግቼ አሳደርኩት፣ በነጠላ ጨርቅ ሸፍኜ። ሁለት እንቁላል፣ አንድ ስኒ ተኩል ወተት፣ አንድ ሻይ ማንኪያ ስኳር ከቀረፋ ጋር፣ አንድ ፍሬ ሄል። ሶስት ቁጥር ላይ ምድጃውን አሞቅኩ። የመጀመሪያው ቁራጭ ነጣ ብሎ ወጣ፣ ቸኩዬ ነው አምስት ደቂቃውን አልጠበቅኩም፣ እሱን እኔ በላሁት። ሁለተኛውና ሶስተኛው ወርቅ! በጣቴ ነካ ሳደርገው ቀና አለ። አራተኛውን ልጠብስ ስል መብራት ሄደ። ግን እናንተ ያላችሁት የምድጃው ትኩሳት ለካ ጥቅም አለው፣ ክዳን ከደንኩበትና በቀረው ሙቀት ስድስት ሰባት ደቂቃ ትቼው በሰለ፣ ላዩ ትንሽ ለስለስ አለ እንጂ ሊጥ አልሆነም

ቁርስ ክፍል፦
ክዳን እንፋሎት ስለሚይዝ ነው ላዩ የለሰለሰው። መብራት ሲመጣ ከፍተህ ለአንድ ደቂቃ ብትመልሰው ይደርቅልህ ነበር። ግን ጎበዝ

የካዛንቺሷ፦
ልጅቷስ ምን አለች?

የቅዳሜ ቁርስ (ጠያቂ)፦
ሁለት ቁራጭ በማርና በሙዝ ጨረሰች። ከዛ "ካፌው ላይ ነጭ ዱቄት ነበረው" አለችኝ። ምንድነው እሱ ደግሞ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የዱቄት ስኳር ነው 😂 ተራውን ስኳር በቡና መፍጫ ደቁሰው፣ በሻይ ማጥለያ ከላይ ንፋበት። መፍጫው ቡና ቡና እንዳይል መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው